ጋሼና የገረጣው ማህተም፦ የሙዚየም ዕቃ ስንት ብርሃን እንደሚችል የምንፈትንበት መንገድ

«የኔ ልጅ፣ ይሄ ማህተም አሞታል እንዴ?»

የጠየቁኝ ጥበቃችን ናቸው። ሙዚየሙ ከተከፈተ ጀምሮ አሉ፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ጠዋት መብራቱን የሚያበሩትም ማታ የሚያጠፉትም እሳቸው ናቸው። እኔ ቢሮ ተቀምጬ ወረቀት ሳገላብጥ እሳቸው ዕቃዎቹን በየቀኑ ዞር ዞር ብለው ያያሉ።

ማህተሙ ያለው አንድ የድሮ የመሬት ደብዳቤ ላይ ነው። ግርጌው ላይ ክብ ሐምራዊ ማህተም ተመትቶበታል። ጽሑፉ እንዳለ አለ። ማህተሙ ግን ሻይ የፈሰሰበት መስሏል። ሳጥኑን ከፈትኩ። የመግለጫ ካርዱ ተንሸራቶ የማህተሙን ጠርዝ ሸፍኖት ኖሯል። ካርዱን ሳነሳው ከሥሩ የጥፍር ቁራጭ የምታህል ደማቅ ሐምራዊ ብቅ አለች። ትናንት የተመታች ነው የምትመስለው። የቀረው ምን ያህል እንደሄደ የገባኝ ያቺን ሳይ ነው። እኛ አገር ደግሞ ማህተም የሌለው ደብዳቤ ምን ደብዳቤ ነው!

ጥፋቱ የኔ ነው። ደብዳቤውን ለእይታ ስናወጣው ሉክስ ሜትር (ዕቃው ላይ የሚያርፈውን ብርሃን በሉክስ የሚለካ መሣሪያ) ይዤ ለካሁ፣ 50 ሉክስ ብዬ መዘገብኩ፣ ከዚያ ረሳሁት። መሀል ላይ አምፖሉ ተቃጠለ። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ መጣና እጁ ላይ ያለውን ተካ። ከዚያ ከአራት ዓመት በኋላ፣ ጋሼ በጠየቁኝ ቀን ስለካው 180 ሉክስ ሆኗል።

ከዚያ ወዲህ ዕቃ ሳልፈትን መብራት አልመድብም። ላብራቶሪ የለንም። ግን አንድ ካርድ፣ የምግብ ፎይል፣ ፀሐይ የሚገባበት መስኮትና ትዕግሥት ካለ ብዙ ነገር ማወቅ ይቻላል። ትንሽ ሙዚየም፣ የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ወይም የትምህርት ቤት የታሪክ ክፍል የምትጠብቁ ካላችሁ፣ የምሠራበትን መንገድ ልንገራችሁ።

ዱቤው እንዴት ይጻፋል

ብርሃን የሰፈር ሱቅ ዱቤ ነው። ዛሬ የወሰዳችሁት ግማሽ ኪሎ ስኳር ምንም አይመስልም። ባለሱቁ ግን ደብተሩ ላይ ያሰፍራታል። ብርሃንም እያንዳንዱን ሰዓት ያሰፍራል። የሚለየው፣ ይሄኛው ዱቤ ተከፍሎ አያልቅም። ዕቃውን ጨለማ ውስጥ ስታስገቡት አዲስ መጻፉ ይቆማል እንጂ የተጻፈው አይሰረዝም። (የፕሩሺያ ሰማያዊ የሚባል አንድ አስቸጋሪ ቀለም አለ። ብርሃን ላይ ይገረጣል፣ ጨለማ ሲያርፍ መልሶ ይመጣል። እሱን አይታችሁ ሌላውን ተስፋ እንዳታደርጉበት።)

ሒሳቡ ቀላል ነው። ዕቃው ላይ የሚያርፈውን ሉክስ በበራበት ሰዓት ታባዙታላችሁ። 50 ሉክስ፣ በቀን 8 ሰዓት፣ በዓመት 300 ቀን፤ 120,000 ሉክስ-ሰዓት ይሆናል። የኔ 180 ሉክስ በዓመት 432,000 ነው። በአራት ዓመት 1,728,000። ይቺን ቁጥር ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ስለ 50 ሉክስ አንድ ነገር ልበል፤ ብዙዎቻችን የተሸወድነው እዚህ ላይ ነው። ለጨርቅና ለወረቀት 50 ሉክስ ይባላል፤ ሁላችንም እንደ ጸሎት እንደግመዋለን። ቁጥሩ የተመረጠው ግን ዕቃው ስለማይጎዳበት አይደለም። የሰው ዓይን ቀለም ለይቶ ለማየት የሚበቃው ትንሹ ብርሃን እዚያ አካባቢ ስለሆነ ነው። የዓይንን ጉዳይ ይነግራችኋል፤ የማህተሙን ጉዳይ አይነግራችሁም።

ዓለም አቀፉ የመብራት ኮሚሽን በ2004 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ይሄን በደንብ ያሳያል። ዕቃዎችን በአራት ይከፍላል። ድንጋይ፣ ብረት፣ ሸክላና መስታወትን የመሳሰሉት ብርሃን የማይነካቸው ናቸው። የአፈወርቅ ተክሌ የአፍሪካ አዳራሽ መስኮቶች ከጀርባቸው የቀን ብርሃን እየመታቸው የሚያምሩት ቀለሙ ከመስታወቱ ጋር በእሳት የተዋሃደ ስለሆነ ነው። ቀጥሎ ትንሽ የሚነካቸው አሉ፤ 200 ሉክስ፣ በዓመት 600,000 ሉክስ-ሰዓት። መካከለኞቹ 50 ሉክስና 150,000። በጣም ስሶቹ ደግሞ 50 ሉክስና 15,000። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ልብ አድርጉ። ሉክሳቸው አንድ ነው፤ የዓመቱ ድምር ግን አሥር እጥፍ ይለያያል። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ «ስንት ሉክስ?» ብቻ ሳይሆን «ይሄ ዕቃ የትኛው መደብ ነው?» የሚለው ነው። እሱን በግምት መመለስ አይቻልም። መፈተን ነው።

ሰማያዊው የሱፍ ካርድ

ብሉ ዉል ይሉታል። ካርቶን ላይ የተለጠፉ ስምንት ሰማያዊ የሱፍ ቁራጮች ናቸው። እያንዳንዱ በሌላ ቀለም የተነከረ ነው። ቁጥር 1 ቶሎ ይገረጣል፤ ቁጥር 8 ፀሐይም አይበግረውም። አንዱ ከቀጣዩ በሁለትና በሦስት እጥፍ ይለያል። ከሙዚየም ዕቃ አቅራቢዎች ይገዛል። ውድ ነው ብዬ አላስፈራራችሁም፤ ርዝመቱን ይዛችሁ በቀጭኑ ብትቆርጡት ከአንዱ ካርድ ብዙ ይወጣል። ዋናው ስምንቱም ቁጥሮች በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ መኖራቸው ነው።

የካናዳ የቅርስ ጥበቃ ተቋም የሚሰጠው ሠንጠረዥ ግድግዳዬ ላይ ተለጥፏል። አልትራቫዮሌት (ዓይን የማያየው፣ ከፀሐይ ጋር የሚመጣ ጨረር) በሌለበት ብርሃን፣ ቁጥር 1 ዓይን የሚያስተውለው የመጀመሪያ ለውጥ የሚያሳየው 300,000 ሉክስ-ሰዓት ገደማ ላይ ነው። ቁጥር 2፣ 1 ሚሊዮን። ቁጥር 3፣ 3 ሚሊዮን። ቁጥር 4፣ 10 ሚሊዮን። ይሄን የመጀመሪያ ለውጥ «አንድ እርምጃ» እለዋለሁ። ቀለሙ ጨርሶ እስኪጠፋ እንዲህ ያለ 30 ያህል እርምጃ አለ።

አሁን ያስያዝኳችሁን ቁጥር አምጡ። 1,728,000 ለ300,000 ሲካፈል ወደ ስድስት ይጠጋል። ማህተሜ እንደ ቁጥር 1 ስስ ከነበረ፣ በአራት ዓመት ውስጥ ስድስት እርምጃ ሄዷል ማለት ነው። 50 ሉክስ ላይ ቢቆይ ኖሮ ሁለት እንኳ አይሞላም ነበር።

አልትራቫዮሌት ሲጨመር ቁጥሮቹ ይወርዳሉ። የሚገርመው፣ ብዙ የሚወርዱት የጠንካሮቹ ናቸው። ቁጥር 4 ከ10 ሚሊዮን ወደ 3.5 ሚሊዮን ይወርዳል፤ ቁጥር 1 ግን ከ300,000 ወደ 220,000 ብቻ። ስለዚህ «መስኮቱ ላይ አልትራቫዮሌት የሚያግድ ፊልም ለጥፈናል፣ አሁን ሰላም ነው» አይባልም። ፊልሙ ለካባው ለከፋዩ ይጠቅማል፤ ለጥፉት። ስስ ቀለም ግን በተራው ብርሃንም ይሄዳል።

ካርዱን ሳጥን ውስጥ ማስቀመጥ

የመጀመሪያው ፈተና ዕቃውን ሳይሆን ቦታውን መፈተን ነው። ከካርዱ አንድ ቁራጭ ወስዳችሁ ግማሹን በፎይል ጠቅልሉ። ጥብቅ ይሁን፤ ከጎን ብርሃን ከገባ ድንበሩ ይደበዝዝና ማነጻጸር አይቻልም። ጀርባው ላይ ቀኑንና ቦታውን በእርሳስ ጻፉ። በእስክሪብቶ አትጻፉ፤ ምክንያቱን ኋላ ታዩታላችሁ። ከዕቃው አጠገብ፣ በዕቃው ልክ ቁመት፣ ዕቃው ወደሚያይበት አቅጣጫ አድርጋችሁ አስቀምጡት። የቆመ ካባ አጠገብ ካርዱን አጋድማችሁ ብታስቀምጡት የምትለኩት ሌላ ነገር ነው። አንድ ቁራጭ ደግሞ በፖስታ አሽጋችሁ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጡ፤ ኋላ ምስክር ይሆናችኋል።

እኔ ሦስት ቦታ አደረግኩ። በምሥራቁ መስኮት ስር ያለው ሳጥን፣ የማህተሙ ሳጥን፣ እና የውስጠኛው ክፍል። መስኮቱ ስር ያለው ቁጥር 1 በሦስተኛው ሳምንት ተቀየረ፤ ሁለት ወር ሳይሞላ ቁጥር 2 ተከተለው። የማህተሙ ሳጥን ውስጥ ያለው ስምንት ወር ፈጀበት። የውስጠኛው ክፍል ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፣ እስካሁን ምንም። እዚያ 60 ሉክስ ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር ተማርኩ። አንደኛ፣ መስኮት ስር መብራት መቀነስ ትርፉ ድካም ነው፤ መጋረጃ ነው የሚያስፈልገው። መስኮቱን በአቡጀዲ ሁለት ድርብ አድርገን ጋረድነው፤ ያቺ ቀን ከተሠሩት ሥራዎች ሁሉ የሚበልጠውን ሠራች። ሁለተኛ፣ ደህና ቦታ ላይ ካርዱ ለዓመታት ዝም ይላል። ዝም ሲል ሥራውን አልሠራም ብላችሁ አትጣሉት።

ስታነጻጽሩ ፎይሉን አውልቁና በቀን ብርሃን፣ ከመስኮት ራቅ ብላችሁ፣ ነጭ ወረቀት ላይ አድርጋችሁ እዩ። የግራጫ መለኪያ የሚባል ትንሽ ካርድ አለ፤ አምስት ጥንድ ግራጫ ቀለም አለው። 5 ለውጥ የለም ማለት ነው፤ 4 የመጀመሪያው የሚታይ ለውጥ ነው። እሱ ከሌላችሁ ጉዳዩን የማያውቅ ሰው ጥሩና «ድንበር ይታይሃል?» በሉት። እኔ የማመጣው ጋሼን ነው። እኔ ማየት የምፈልገውን አያለሁ፤ እሳቸው ያለውን ነው የሚያዩት።

ሉክስ ሜትርም አንድ ያስፈልጋችኋል። የስልክ መተግበሪያ «ይሄኛው ሳጥን ከዚያኛው በእጥፍ ይበራል» ለማለት ይረዳል፤ ቁጥሩን ግን አትመኑት፣ ስልክና ስልክ አይስማማም። የሜትሩን ዓይን ዕቃው ላይ አድርጋችሁ ዕቃው ወደሚያይበት አዙሩት። አምፖሉ ላይ ደግናችሁ አትለኩ።

የድንች ማህተም

ዋናው ጥያቄ ቀርቷል። ማህተሙ ራሱ ቁጥር ስንት ነው?

እውነተኛውን ደብዳቤ ፀሐይ ላይ አውጥቶ መፈተን አይቻልም። ይሄን መጻፍ የማያስፈልግ ይመስላል፤ ሲጠየቅ ግን ሰምቻለሁ። ስለዚህ ምሳሌ ሠራሁ። መጋዘን ውስጥ ያረጀ የማህተም ቀለም ጠርሙስ ተገኘ። ሌላ አዲስ ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር ገዛሁ። የመሥሪያ ቤቱን ማህተም ስጡኝ ብል አለቃዬ ዓይኔን አዩኝ። ልክ ናቸው። ድንች ለሁለት ቆርጬ አበባ ነገር ቀረጽኩበትና በነጭ ወረቀት ላይ መታሁ። የጋሼ አስተያየት፦ «ይሄማ ከቀበሌው ይሻላል።»

ወረቀቱ ላይ ሌላም ጨመርኩ። የሰማያዊ እስክሪብቶ መስመር፣ የፍሎማስተር መስመር፣ አንድ ቁም ጸሐፊ ቆንጥረው የሰጡኝ ከጥቀርሻ የተሠራ ጥቁር የብራና ቀለም። ከመርካቶ የመጡ ቀይ፣ አረንጓዴና ቢጫ የጥለት ክሮች ካርቶን ላይ ጠመጠምኩ። ሁሉንም ጎን ለጎን አደረግኩ። መሀል ላይ ሰማያዊውን ካርድ አስገባሁ። ከዚያ በሁሉም ላይ፣ በካርዱም በናሙናዎቹም ላይ፣ ግማሹን የሚሸፍን አንድ ፎይል አለበስኩ።

ጊዜው ጥቅምት ነበር። ዝናብ ካቆመ በኋላ ሰማዩ ጥርት ሲል ማለት ነው፤ ክረምት ላይ ይሄን ፈተና አትጀምሩ። ፀሐይ በቀን አምስት ሰዓት ያህል ቀጥታ የሚገባበት መስኮት መርጬ ከመስታወቱ በስተውስጥ ደገፍኩት። አየር እንዲያልፍ ከመስታወቱ ትንሽ አራቅኩት፤ ሙቀት ሌላ ጉዳት ያመጣና ውጤቱን ያደናግራል።

በሁለተኛው ቀን ማታ ፎይሉን ገለጥኩ። የካርዱ ቁጥር 1 ድንበር ሠርቷል። የድንች ማህተሞቼ ሁለቱም ድንበር ሠርተዋል። ቁጥር 2 ገና ነው። አለቀ፤ የማህተሙ ቀለም ከቁጥር 1 ጋር አብሮ ይሄዳል። በሳምንቱ አዲሱ ሐምራዊ ቡናማ ነገር ሆኖ ቁጭ አለ። ፍሎማስተሩም እንደዚያው። እስክሪብቶው ከቁጥር 2 ጋር ሄደ፤ ካርዱ ላይ በእስክሪብቶ አትጻፉ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ክሮቹ ከቁጥር 3 እስከ 4 መካከል ወደቁ፤ ቢጫው ደከም ያለ ነበር። የቁም ጸሐፊው ጥቁር ወሩን ሙሉ ፀሐይ ሲጠበስ ከርሞ ቅንጣት አልተቀየረም። ጥቀርሻ ካርቦን ነው፤ ብርሃን ምንም አያደርገውም። የብራና መጻሕፍት ጥቁር ጽሑፍ ዘመን የሚሻገረው ለዚህ ነው። ያው ብራና ላይ ያለው ቀይና የሐረጉ ቀለም ግን የራሱ ፈተና ያስፈልገዋል።

ሐምራዊው ለምን እንዲህ ሰነፈ? እነዚህ የማህተም ቀለሞች አብዛኛውን ጊዜ የሜቲል ቫዮሌት ዘመዶች ናቸው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ከመጡት የአኒሊን ቀለሞች ወገን ነው። የሕፃን አፍ ሲቆስል የሚቀባው ሐምራዊ መድኃኒት፣ ጄንሽን ቫዮሌት፣ የቅርብ ዘመዱ ነው። ሲታይ ደማቅ፣ ሲውል ሲያድር ሽሽት። ኮፒ እርሳስም ከዚሁ ቤተሰብ ነው። መዝገብ ቤት ውስጥ ሐምራዊ ነገር ስታዩ ሳትፈትኑም ቁጥር 1 ነው ብላችሁ ጀምሩ።

የምሳሌው ፈተና ጉድለት አለው። የዛሬ ጠርሙስ የዚያን ዘመን ቀለም አይደለም። ደግሞም አዲስ ቀለም መጀመሪያ ላይ ፈጥኖ ይሄዳል፣ ኋላ ይዘገያል። ያረጀው ዕቃ ፈጣኑን ጊዜ ያለፈው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ውጤቱ ከእውነቱ ጠንከር ብሎ የሚያስጠነቅቅ ነው፤ በዚህ በኩል መሳሳት ይሻላል። ለጨርቅ ከሆነ ሳትፈትኑ በፊት ገበሩን ገልጡ፣ የስፌቱን ውስጥ እዩ፣ ከኪስ ክዳን ሥር እዩ። ዕቃው ያለፈበትን ፈተና ራሱ ይዞት ይዞራል። ውስጡና ውጩ ከተለያየ ስስ መሆኑን ነግሯችኋል።

መሣሪያው ያላቸው ካሉ

ዕቃውን ራሱን መፈተን የሚያስችል መሣሪያ አለ። ማይክሮፌደር ይባላል። ፖል ዊትሞርና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ሠርተው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው ያስተዋወቁት። ከዜኖን መብራት የሚወጣ ብርሃን በቀጭን የብርሃን ገመድ ተመርቶ ግማሽ ሚሊሜትር በማይሞላ ነጥብ ላይ ይሰበሰባል። ነጥቧ ላይ ያለው ብርሃን በሚሊዮን ሉክስ ነው የሚቆጠረው። እዚያው ላይ ሌላ መሣሪያ ቀለሙ ሲቀየር በየሴኮንዱ ይመዘግባል። በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል። ለውጡ ከተወሰነ መጠን ሊያልፍ ሲል ይቆማል፤ ነጥቧም ከማነሷ የተነሳ በዓይን አትገኝም። ዕቃውን አይነካውም። በዚያው ቀን የሰማያዊው ካርድ 1፣ 2 እና 3 በዚያው መብራት ይፈተኑና ዕቃው የትኛውን እንደሚመስል ይታያል። የአውስትራሊያ ብሔራዊ ሙዚየም ዕቃዎቹ ለስንት ጊዜ ለእይታ እንደሚወጡ ሲወስን በዚህ መሣሪያ ውጤት ከተጠቀሙት አንዱ ነው።

እኛ ይሄ የለንም። ግን አንድ በር አለ፤ ውሰት። የውጭ ሙዚየም ዕቃችሁን ለኤግዚቢሽን ከጠየቀ፣ ከውሉ ላይ «ከመታየቱ በፊት በማይክሮፌደር ይፈተን፣ ውጤቱ ሙሉው ይሰጠን» ብላችሁ አስገቡ። ስትቀበሉ የትኞቹ ቀለሞች፣ የትኛው ነጥብ ላይ እንደተፈተኑ በፎቶ ምልክት ተደርጎ ይሰጣችሁ። አልትራቫዮሌት ተጣርቶ ነበር ወይ? ካርዱ በዚያው ቀን ተፈትኗል ወይ? ስንት ለውጥ ላይ አቆሙ? «ዕቃው ደህና ነው» የሚል አንድ መስመር ደብዳቤ ውጤት አይደለም፤ ማህተም ቢኖረውም።

እሱም ቢሆን ሁሉን አያውቅም። የሚለካው ቀለም ብቻ ነው። ሐር ቀለሙን ሳይለቅ ሊበሰብስ ይችላል፤ ማይክሮፌደር ያን አያይም። ደግሞ በደቂቃ ብዙ ብርሃን መስጠትና ያንኑ በዓመታት ቀስ አድርጎ መስጠት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ውጤት አይሰጥም።

ከቁጥሩ ወደ መብራቱ

አሁን ቁጥር አላችሁ። ቀጥሎ የሚመጣው ሳይንስ ሳይሆን ስብሰባ ነው። ጥያቄው፦ በስንት ዓመት አንድ እርምጃ ለመክሰር ተስማምተናል? አለቃዬ «ምንም አንከስርም» አሉ። እንግዲያው ሙዚየሙን እንዝጋው አልኩ። ሻይ ጠጥተን በ50 ዓመት አንድ እርምጃ ላይ ተስማማን። እናንተ ሌላ ቁጥር ልትመርጡ ትችላላችሁ፤ ግን ጻፉትና ፈርሙበት።

ከዚያ ማካፈል ነው። ቁጥር 2 ለሆነ ዕቃ 1 ሚሊዮን ለ50 ሲካፈል በዓመት 20,000 ሉክስ-ሰዓት ነው። በ50 ሉክስ በቀን 8 ሰዓት 400 ስለሚሆን፣ በዓመት 50 ቀን ይታያል። ቁጥር 3 በዓመት 150 ቀን። ቁጥር 4 ላይ እፎይ ትላላችሁ፤ ዓመቱን ሙሉ፣ 80 ሉክስ ላይ እንኳ ይቆያል። ከመርካቶው ቀይ ክር ጋር የሚመሳሰለውን የካባችንን ጥልፍ ትንሽ ከፍ አድርገን ያበራነው በዚህ ነው። ፈተና መብራት ለመቀነስ ብቻ አይደለም። በከንቱ ጨለማ ውስጥ የተቀመጠም ዕቃ ነበረን።

ማህተሙስ? 300,000 ለ50፣ 6,000 ነው። በዓመት 15 ቀን። ለሁለት ሳምንት ብሎ ማውጣት አይመችም፤ ቅጂውን ሰቅለን ዋናውን መሳቢያ ልናስገባ ነበር። ጋሼ ናቸው ያስቆሙን። «ሰው የሚመጣው እውነተኛውን ሊያይ ነው» አሉ። 6,000 ለ50 ሉክስ ስናካፍለው 120 ሰዓት ሆነ። ለ300 ቀን ስናከፋፍለው በቀን 24 ደቂቃ። ስለዚህ ሲጫኑት በርቶ ከትንሽ ደቂቃ በኋላ ራሱ የሚጠፋ ማብሪያ አሰብን።

እዚህ ላይ ልንሸወድ ነበር። መብራቱ ጠፍቶ ሳጥኑን ለካሁት፤ 5 ሉክስ። ከአዳራሹ የሚመጣ ተራ ብርሃን ነው። 5 ሉክስ ምን አላት? በ8 ሰዓት በ300 ቀን አባዙት፤ 12,000። መብራቱ ሳይበራ የዓመቱን ድርሻ በእጥፍ ይበላል! ስለዚህ ክዳን ሠራን። በካርቶን ላይ ጥቁር ከፋይ ለበጥን፣ እጀታ አደረግንለት። የሰፈሩ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ እንደ ፍሪጅ በር ሲነሳ የሚበራ፣ ሲወርድ የሚጠፋ ማብሪያ ገጠመለት።

አምፖል ስትገዙ ኤል.ኢ.ዲ. ግዙ፤ አልትራቫዮሌቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፣ ሙቀቱም ወደፊት አይመጣም። ሱቅ ውስጥ «ነጭ ነው ዋርም?» ይሏችኋል። ዋርሙን፣ ከ2700 እስከ 3000 ኬልቪን የሚለውን። ነጩ ሰማያዊ ጨረሩ ይበዛል፤ ብዙ ቀለም የሚጎዳው ደግሞ በዚያ ነው። ካርቶኑ ላይ ሲ.አር.አይ. (አምፖሉ ቀለምን ምን ያህል በትክክል እንደሚያሳይ የሚነግር ቁጥር) 90 ወይም ከዚያ በላይ የሚል ይሁን፤ አለበለዚያ ቀዩ ጥለት ቡና መስሎ ይታያል። ብርሃኑ ከበዛ መጀመሪያ አምፖሉን አርቁት። አንዲት ትንሽ ስፖት ርቀቷ እጥፍ ሲሆን ብርሃኗ ሩብ ይሆናል፤ ይሄ ነፃ ነው። የተካችሁትን አምፖል ዓይነት ደግሞ ማብሪያ ማጥፊያው አጠገብ ጽፋችሁ ለጥፉ፤ እኔ የተቃጠልኩት እዚያ ነው።

የሽማግሌ ዓይን ተጨማሪ ብርሃን ይፈልጋል። በቅሬታ መዝገባችን ላይ «ጨለማ ነው» የሚለው የበዛው ከትልልቅ ሰዎች ነው። ሉክስ አልጨመርንም። መግቢያውን ኮሪደር አደበዘዝን፣ ዓይን ከውጩ ፀሐይ ወጥቶ እስኪለምድ ሁለት ደቂቃ እንዲያገኝ። ትይዩ የነበረውን ፓውዛ አነሳን፤ መስታወቱ ላይ ያበራ ነበር። መግለጫውን ከሳጥኑ ውጭ አውጥተን ፊደሉን አተለቅን፣ የራሱ መብራት ሰጠነው። ቅሬታው ቀነሰ።

ካርዶቹን በየስድስት ወሩ አያለሁ። የክዳኑ ነገር ግን የጋሼ ሥራ ነው። ሳጥኑ ጎን አንድ ትንሽ ደብተር በክር ታስሯል። ክዳኑ በተነሳ ቁጥር ሰዓታቸውን አይተው ያሰፍራሉ፤ ማታ ደምረው ያሳዩኛል። ባለፈው ማክሰኞ የተማሪ ጉብኝት ነበር። ገጹ ግርጌ ላይ «31 ደቂቃ በልቷል፤ ነገ ይጾማል» ተብሎ ተጽፏል።